ለቢራ ታንክ ማጠቢያ ፓምፕ ስትመርጡ፦ ለደብረ ብርሃን ከፍታ የሚሆን ስሌት

ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ዳሽንና ሐበሻ ፋብሪካ የተከሉባት ከተማ ናት። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የታንክ ማጠቢያቸው ከነስሌቱ ተሠርቶ ይመጣላቸዋል። ይህን የምጽፈው ለሌሎቹ ነው። አነስተኛ ጠመቃ ለመክፈት ለሚያስቡ፣ ሰፋ ያለ ታንክ ጨምረው የድሮው ፓምፕ አልበቃ ላላቸው፣ የተቃጠለ ፓምፕ ለመተካት ገበያ ለሚወጡ ቴክኒሻኖች።

ገበያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። «ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» ከዚህ ከተነሳችሁ የማይሆን ፓምፕ ይዛችሁ የመመለስ ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ፈረስ ጉልበት ስሌቱ ሲያልቅ የሚወጣ ቁጥር ነው። መነሻው የታንኩ ዙሪያ ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ከፍታው ይጨመርበታል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የሞቀ ኮስቲክ (ታንክ የሚታጠብበት ኮስቲክ ሶዳ) የሚስብ ፓምፕ፣ ቆላ ላይ ያለ መሰሉ ያላየውን ችግር ያያል። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ጥቂት ስለሆነ ራሳችሁ ማስላቱን ልመዱ።

የምናወራው ታንኩ ሳይፈታ፣ ሰው ሳይገባበት፣ ውሃና ኬሚካል በፓምፕ እየዞረ ስለሚታጠብበት ዘዴ ነው። በፋብሪካ ቋንቋ ሲአይፒ የሚባለው። ሜትር፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ያዙና እንጀምር።

1. የታንኩን ዙሪያ ለኩ

ታንኩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ለጊዜው እርሱት። ታንክ ሞልቶ አይታጠብም። ከላይ ያለው ስፕሬይ ቦል (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የመርጫ ኳስ) ግድግዳው ላይ ይረጫል፣ ፈሳሹም ግድግዳውን እንደ ስስ ልባስ ሸፍኖ ይወርዳል። ስለዚህ የሚወስነው የግድግዳው ዙሪያ ነው።

ለቆመ ታንክና ለማይሽከረከር ስፕሬይ ቦል የተለመደው መነሻ፣ ለአንድ ሜትር ዙሪያ በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ልባሱ ይቆራረጣል። ፈሳሹ በጅማት በጅማት ይወርዳል፣ መሃል ላይ ያለው ግድግዳ ሳይታጠብ ይቀራል። ፈርመንተር (ቢራው የሚብላላበት ታንክ) ላይ ደግሞ ዋናው ቆሻሻ ላይኛው ክፍል ነው ያለው። የእርሾው አረፋ ወጥቶ የደረቀበት ቀለበት ማለት ነው። እዚያ ያልደረሰ ማጠቢያ ታች ቢፈስም ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 20 ሄክቶ ሊትር (2,000 ሊትር) የሚይዝ፣ ዲያሜትሩ 1.4 ሜትር የሆነ ፈርመንተር እንበል። 1.4 በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው 4.4 ሜትር ነው። በ30 ሲባዛ በደቂቃ 132 ሊትር። በሰዓት ሲሆን 7.9 ሜትር ኩብ። ይህን ጻፉት።

የተለያዩ ታንኮች ካሏችሁ የምትይዙት በጣም ሰፊውን ነው። ረጅሙን አይደለም፣ ብዙ የሚይዘውንም አይደለም። የተኛ ታንክ ከሆነ ወይም የሚሽከረከር ማጠቢያ ጭንቅላት ከገጠማችሁ ይህ ስሌት አይሠራም። ያን ጊዜ የአምራቹን ሰንጠረዥ ተከተሉ። የሚሽከረከሩት አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ፈሳሽና የበለጠ ግፊት ነው የሚፈልጉት።

2. ቧንቧውን ጠይቁ

ያው ፓምፕ ታንኩን ብቻ ሳይሆን ወደ ታንኩ የሚወስደውን መስመርም ያጥባል። ቧንቧ ውስጥ ፈሳሹ ቢያንስ በሰከንድ 1.5 ሜትር መሄድ አለበት። ከዚያ ቀርፋፋ ከሆነ ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን አይነቅልም፣ ላይኛው ክፍልም አየር ሊይዝ ይችላል።

ለምግብ ፋብሪካ በሚሠሩ የስቴንለስ ቧንቧዎች ይህ ሲሰላ፣ ባለ 1.5 ኢንች በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ባለ 2 ኢንች 9.6፣ ባለ 3 ኢንች ደግሞ 22.5 ይፈልጋል።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሩና ትልቁን ያዙ። የእኛ ታንክ 7.9 ነው የጠየቀው። መስመሩ ባለ 2 ኢንች ከሆነ ግን 9.6 ይጠይቃል። ስለዚህ ፓምፑ 10 ሜትር ኩብ በሰዓት መሆን አለበት። «ለወደፊቱ ይሆነናል» ተብሎ ባለ 3 ኢንች መስመር የተዘረጋበት ትንሽ ጠመቃ ከዚህ ጋር ይቸገራል። ታንኩ 8 ይበቃዋል፣ ቧንቧው 22 ይላል። መስመር ገና ያልዘረጋ ሰው ካለ፣ ከመበየዱ በፊት ይህችን ስሌት ይሥራ።

ስፕሬይ ቦሉም ከዚህ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። በ1.5 ባር 8 ሜትር ኩብ የሚያሳልፍ ቦል፣ 10 እንዲያሳልፍ ሲገደድ 2.3 ባር ይፈልጋል። ፍሰት ትንሽ ሲጨምር ግፊቱ በብዙ ነው የሚጨምረው። የሚሻለው በ1.5 ባር 10 የሚያሳልፍ ቦል መግዛት ነው።

3. ግፊቱን ደምሩ

የፓምፕ ግፊት በሜትር ይጻፋል። 1 ባር 10 ሜትር ገደማ ነው። አራት ነገሮችን ትደምራላችሁ።

ከፓምፑ እስከ ስፕሬይ ቦሉ ያለው ከፍታ በምሳሌያችን 4 ሜትር ነው። ቦሉ የሚፈልገው 1.5 ባር፣ ማለትም 15 ሜትር። ቧንቧው 30 ሜትር ያህል ርዝመት ካለው ከነኤልቦውና ከነቫልቩ 3 ሜትር ይበላል። ማሞቂያ ሂት ኤክስቼንጀር ካለ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ውሰዱ፣ እዚህ 3 እንበል። ድምሩ 25 ሜትር። 10 በመቶ ስትጨምሩበት 28 ሜትር ገደማ ይሆናል።

የምትፈልጉት ፓምፕ እንግዲህ ይህ ነው፦ 10 ሜትር ኩብ በሰዓት፣ በ28 ሜትር። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይነጣጠሉ ነው ለሻጭ የሚነገሩት። «በሰዓት 10 ሜትር ኩብ» ብቻ ካላችሁ 10 ሜትር ላይ እንኳ የሚደክም ፓምፕ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ አልዋሸም።

ግፊት ጨምሮ መግዛት ጥሩ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እዚህ ግን ጉዳት አለው። ለስፕሬይ ቦል ግፊቱ በጣም ሲበዛ ፈሳሹ ወደ ጭጋግ ይለወጣል። ጭጋግ ደግሞ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ጉልበት የለውም። ታንኩ ውስጥ ጩኸት ይሰማል፣ ሲከፈት ግን ቀለበቱ እንዳለ ነው።

ስለ ጎማ ቱቦም አንድ ነገር ልበል። ባለ 2 ኢንች መስመር መሃል ላይ ባለ 1.5 ኢንች ቱቦ የሚቀጥሉ አሉ። በተመሳሳይ ፍሰት በቀጭኑ ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ለእያንዳንዱ ሜትር ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለመስመሩ ስፋት የከፈላችሁትን ገንዘብ ቱቦው ያጠፋዋል።

4. የመምጠጫው ወገን፦ ከፍታው የሚገባበት ቦታ

እዚህ ቀስ ብለን እንሂድ። ደጋ ላይ ፓምፕ የሚበላሸው በብዛት በዚህ በኩል ነው።

ፓምፕ ፈሳሽ የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። ኬሚካሉ ያለበት ጋን ላይ የሚጫነው አየር ፈሳሹን ወደ ፓምፑ ይገፋለታል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ የአየር ግፊት 10.3 ሜትር የውሃ ዓምድ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 7.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፓምፑ ገና ሳይነሳ 3 ሜትር ቀርቷል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። የሞቀ ፈሳሽ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ቅርብ ስለሆነ ከተረፈው ላይ ይቀንሳል። 80 ዲግሪ ላይ በባሕር ጠለል 5.7 ሜትር ይተርፋል። ደብረ ብርሃን ላይ 2.5 ሜትር ብቻ። 85 ዲግሪ ካደረሳችሁት 1.4 ሜትር። 70 ላይ ካቆማችሁት ግን 4.2 ሜትር አላችሁ። ጣርማበርን ወርዳችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ብትደርሱ፣ በ80 ዲግሪ 4.1 ሜትር ይኖራችኋል። በአንድ ዞን ውስጥ ያው ፓምፕ አንዱ ጋ በሰላም ይሠራል፣ ሌላው ጋ ይታመማል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከተረፈው ቁጥር ተነሱ። በጋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከፓምፑ አፍ በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ጨምሩ። የሚለካው ጋኑ ሞልቶ ሳለ አይደለም፣ ፈሳሹ ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው። በመምጠጫው ቧንቧ የሚጠፋውን ቀንሱ። በ80 ዲግሪ ደብረ ብርሃን ላይ 2.5፣ ሲደመር 1፣ ሲቀነስ 0.5፣ 3 ሜትር ይሆናል።

አሁን የፓምፑን ካታሎግ ክፈቱ። ኤንፒኤስኤች የሚል መስመር አለ። ፓምፑ ራሱ የሚፈልገውን ዝቅተኛ መጠን ነው የሚያሳየው። በ10 ሜትር ኩብ ላይ አንብቡት። ከእናንተ ቁጥር ቢያንስ በ1 ሜትር ማነስ አለበት። እኛ 3 ስላለን 2 ወይም ከዚያ በታች የሚፈልግ ፓምፕ እንመርጣለን። ይህ መስመር የሌለበት ካታሎግ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ፣ አምራቹን ጠይቆ እንዲያመጣ አድርጉ። እኔ ብሆን ይህ ቁጥር ሳይታወቅ ለሞቀ ኮስቲክ ፓምፕ አልገዛም።

ቁጥሩ ካልበቃ ፓምፑ ውስጥ ፈሳሹ መፍላት ይጀምራል። ጠጠር የዋጠ ያህል ይንኳኳል። ፍሰቱ ይዋዥቃል፣ ሜካኒካል ሲል የሚባለው፣ ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚዘጋው ክፍል ቶሎ ያልቃል፣ ኢምፔለሩ (ፈሳሹን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ይቦረቦራል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ጉልበት አነሰው» ብለው ትልቅ ሞተር ይገዛሉ። ትልቁ ፓምፕ ደግሞ የበለጠ ይስባልና ነገሩ ይብሳል።

መፍትሔው ከፓምፑ በፊት ያለው ነው። ጋኑን በብረት ማቆሚያ ላይ ከፍ አድርጉት፤ 1 ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ትርፍ ነው። የመምጠጫውን ቧንቧ አጭርና ከመግፊያው አንድ ቁጥር የሰፋ አድርጉት። ኤልቦ አታብዙ። ወንፊት ካስፈለገ ከፓምፑ በኋላ ወይም በመመለሻው መስመር ላይ ይሁን። ሙቀቱንም ቀንሱ። ለፈርመንተር ብዙ የኮስቲክ ማጠቢያዎች ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ላይ በደንብ ይሠራሉ። የኬሚካሉን መለያ አንብባችሁ 70 የሚበቃ ከሆነ 80 ማድረስ ነዳጅም ፓምፕም ማባከን ነው። ይህ ሁሉ ካልበቃ በደቂቃ 2,900 ሳይሆን 1,450 የሚዞር ፓምፕ ፈልጉ። ግዙፍና ውድ ነው፣ ግን በመምጠጥ በኩል ይቀለዋል።

5. አሁን ሞተሩ

10 ሜትር ኩብን በ28 ሜትር ለመግፋት ፈሳሹ ራሱ የሚፈልገው 0.76 ኪሎ ዋት ነው። የፓምፑ ብቃት 50 በመቶ ከሆነ 1.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ገበያ ላይ ካሉት መጠኖች የሚቀጥለውን፣ 2.2 ኪሎ ዋት ትወስዳላችሁ። 3 ፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ያ ጥያቄ ተመለሰ።

መደበኛ ሞተሮች የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ታስበው ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዝም። የደብረ ብርሃን ብርድ ይህን በአብዛኛው ያካክሳል። ማጠቢያው ክፍል በእንፋሎት ሲታፈን ግን አያካክስም። ሞተሩን አየር በሚያገኝበት ቦታ አድርጉት፣ ለሻጩም ከፍታውን ንገሩት። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር የምትገዙ ከሆነም እንዲሁ። ጠባብና ሰፊ ታንኮች በአንድ ፓምፕ ለሚያጥብ ሰው ኢንቨርተር ገንዘቡን ያወጣል።

ያገለገለ ፓምፕ ከውጭ ስታስመጡ ሰሌዳውን እዩ። 60 ኸርዝ ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ ወደ 83 በመቶ ይወርዳል። ግፊቱ ደግሞ ወደ 69 በመቶ። 28 ሜትር ብላችሁ የገዛችሁት 19 ሜትር ይሆናል።

6. የመመለሻው ፓምፕ

ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የታጠበበት ፈሳሽ ከታንኩ ታች ቶሎ ካልወጣ ኮኑ (ሾጣጣው የታንኩ ታች) ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመ ፈሳሽ ሥር ያለው ግድግዳ አይታጠብም። ስለዚህ መመለሻው ከመግፊያው ከ10 እስከ 20 በመቶ መብለጥ አለበት፣ ለእኛ 11 ወይም 12 ሜትር ኩብ። አየር ሲቀላቀልበት የማያቆም፣ ራሱን የሚሞላ ዓይነት ይሁን። ከታንኮቹ አጠገብና ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። በከፍታው ምክንያት ከሩቅ እንዲስብ ማድረግ እዚህ አይሆንም። ታንኩ ከፍ ብሎ ቆሞ ፈሳሹ በራሱ ወደ ጋኑ የሚፈስ ከሆነ ግን ፓምፕም ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ተዳፋቱን ብቻ አረጋግጡ።

7. የተሠራበት ነገር

ፈሳሽ የሚነካው ክፍል 316 ኤል ስቴንለስ፣ የጋስኬቱና የሜካኒካል ሲሉ ጎማ ለሞቀ ኮስቲክ የሚሆን ኢፒዲኤም ይሁን። የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በረኪናም ከስቴንለስ አርቁ፤ ብረቱን ይበሳሳዋል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

በኬሚካል መጨመሪያ በኩል ለደጋ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። 50 በመቶ የሆነ ፈሳሽ ኮስቲክ 12 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ሌሊት ውጭ ካደረ ጠዋት ትንሿ የኬሚካል መጨመሪያ ፓምፕ አትስበውም። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት።

8. ከመሞከራችሁ በፊት

እዚህ ላይ እባካችሁ አትቸኩሉ። ፈርመንተር ውስጥ የቀረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኮስቲክ ጋር ይዋሃዳል። ኮስቲኩ ይደክማል፣ ታንኩ ውስጥም ጋዙ ጠፍቶ ባዶ ክፍተት (ቫኪዩም) ይፈጠራል። የታንክ ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ለመገፋት እንጂ ለመጨመቅ አልተሠራም። በሞቀ ታንክ ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅም ተመሳሳይ ነው፤ እንፋሎቱ ባንድ ጊዜ ይሰበሰባል፣ ታንኩ በሰከንዶች ውስጥ እንደ ተጨመቀ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጋዙን መጀመሪያ አስወጡ፣ የላይኛው መተንፈሻ ክፍት ይሁን፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቩ መሥራቱን እዩ። ፓምፑ ትልቅ በሆነ ቁጥር መተንፈሻውም መስፋት አለበት። የወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። በርና መስኮት ክፈቱ። ታንክ ውስጥ ማንም አይግባ።

9. በበርሜል ለኩት

ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አዙሩት። ታንኩ ላይ ሲረጭ፣ የሚመለሰውን 200 ሊትር በርሜል ውስጥ አስገቡና ሰዓት ያዙ። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ከሆነ በ72 ሰከንድ ይሞላል። 90 ሰከንድ ከወሰደ ፍሰቱ 8 ብቻ ነው። በጣም ካነሰ መጀመሪያ የሞተሩን አዟዟር እዩ። ባለ 3 ፌዝ ሞተር ሽቦው ተገላብጦ ከታሰረ ወደ ኋላ ይዞራል። ይገፋል፣ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

ልባሱ ሁሉም ጋ መድረሱን ለማየት ሪቦፍላቪን ተጠቀሙ። ቫይታሚን ቢ2 ነው። በሊትር ውሃ 0.2 ግራም አሟሙና የታንኩን ውስጥ በመርጫ አርጥቡት። በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ዙር እጠቡ። ከዚያ በጨለማ በአልትራቫዮሌት ባትሪ እዩ። ያልታጠበው ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከታንኩ በር ጠርዝና ጀርባ ጀምሩ፤ ስፕሬይ ቦል የማይደርስባቸው ጥላዎች ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን የግፊት መለኪያ (ጌጅ) ንባብና የበርሜል ሰከንድ ታንኩ አጠገብ ለጥፉ። በየጊዜው ድገሙና አወዳድሩ። ግፊቱ ጨምሮ ፍሰቱ ከቀነሰ ስፕሬይ ቦሉ ተደፍኗል፤ ፍቱና አጽዱት። ሁለቱም ከቀነሱ ችግሩ ፓምፑ ውስጥ ወይም መምጠጫው ላይ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ደህና ሆኖ በሞቀ ኮስቲክ ብቻ ከደከመ፣ ወደ ቁጥር 4 ተመለሱና ሙቀቱን ዝቅ አድርጉ ወይም ጋኑን ከፍ አድርጉ።